ሥራ፣ ሱስና የቀድሞ ዘማች፦ የአሜሪካ ታሪክ ከ1865 እስከ 2018

ወታደርነት ከሌሎች ሙያዎች የሚለየው ሰውየውን ከነልብሱ፣ ከነእንቅልፉና ከነምግቡ ስለሚረከበው ነው፤ ማዕረጉን በትከሻው፣ ክፍሉን በክንዱ ላይ ለጥፎ የትም ቢቆም ማን እንደ ሆነ ሌላው እንዲያነብለት ያደርጋል፤ በስንብቱ ቀን ግን ይህን ሁሉ ገፍፎ አንድ ወረቀት ያስጨብጠዋል። የሙያ ማንነት የሚባለው፣ ማለትም አንድ ሰው ምን እንደሚችል፣ ለማን እንደሚጠቅምና ከእነማን ጋር እንደሚቆጠር በሥራው አማካይነት ስለ ራሱ የያዘው ግንዛቤ፣ በሲቪል ኑሮ ቀስ በቀስ የሚገነባና ቀስ በቀስ የሚለወጥ ሲሆን በተሰናባች ወታደር ላይ ግን በአንድ ቀን ይቋረጣል። በዚያ ላይ የአእምሮ ሕመም ወይም ሱስ ሲታከልበት ነገሩ ከግለሰቡ አልፎ የመንግሥት ጉዳይ ይሆናል፤ ያዘመተው መንግሥት አበልን፣ ሕክምናንና ሥልጠናን ለመስጠትም ሆነ ለመከልከል በመጀመሪያ ሰውየው አሁን ምን እንደ ሆነ መወሰን ግድ ይለዋልና።

ይህ ውሳኔ እንዴት እየተወሰነ እንደ መጣ በሕግ፣ በሆስፒታል መዝገብና በፍርድ ቤት ክርክር ደረጃ በደረጃ ከሚታይባቸው አገሮች አንዷ አሜሪካ ናት። ከእርስ በርስ ጦርነቱ ፍጻሜ ወዲህ ባለፉት ከ150 በላይ ዓመታት (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የአገሪቱ መንግሥት የቀድሞ ዘማቾቹን በሁለት ሚዛን ሲመዝን ኖሯል፤ አንደኛው የሰውየው ጉልበት ምን ያህል ሥራ ይችላል የሚል ሲሆን፣ ሁለተኛው ደግሞ የደረሰበት ጉዳት የራሱ ጥፋት ነው ወይስ አይደለም የሚል ነው። ወታደር ሳለ ምን እንደ ነበረና ያንን ካጣ በኋላ ምን መሆን እንደሚፈልግ የሚጠይቅ ሦስተኛ ሚዛን የመጣው እጅግ ዘግይቶ ነው፤ ሲመጣም የቀደሙትን ሁለቱን ከቦታቸው አላነሣቸውም።

ከ1861 እስከ 1865 በተካሄደው የእርስ በርስ ጦርነት የሰሜኑ ጦር ሐኪሞች የሚታይ ቁስል የሌለበትን፣ ነገር ግን ለግዳጅ የማይበቃውን ወታደር በተለያየ ስም መዝግበውታል። ከ5 ሺህ በላይ ወታደሮች በሕክምና መዝገብ ላይ የሰፈሩት «ናፍቆት» በተባለ በሽታ ሲሆን፣ ይህም በዘመኑ አስተሳሰብ የአገር ቤት ትዝታ የሚያመጣው፣ ምግብና እንቅልፍ የሚያሳጣ፣ አንዳንዴም ለሞት የሚያበቃ ሕመም ነበር። ጄኮብ ሜንዴስ ዳ ኮስታ የተባለው ሐኪም በበኩሉ በፊላደልፊያ በሚገኘው የተርነርስ ሌን ሆስፒታል ልባቸው ያለ ምክንያት የሚደልቅ፣ ደረታቸውን የሚወጋቸውና ጥቂት ሲንቀሳቀሱ የሚዝሉ ወታደሮችን መርምሮ በ1871 ባሳተመው ጥናት ሕመሙን «ቁጡ ልብ» ብሎ ሰይሞታል። እርሱ ያሰበው የሥጋውን ልብ ነበር፤ ሥሩ ከጦር ሜዳው ፍርሃትና ሐዘን ሊሆን ይችላል የሚለው አሳብ ያን ጊዜ ብዙ ሰሚ አልነበረውም።

የዚያ ጦርነት ዋነኛ መድኃኒት ኦፒየም ነበር። ለሰሜኑ ጦር ወደ 10 ሚሊዮን የሚጠጉ የኦፒየም እንክብሎች፣ ከዚህም ሌላ ከ2.8 ሚሊዮን አውንስ በላይ በዱቄትና በፈሳሽ መልክ የተዘጋጀ ኦፒየም መታደሉ በመዝገብ ይገኛል፤ ተቅማጥ ለያዘውም፣ ለሚያስለውም፣ እግሩ ለተቆረጠውም የሚሰጠው ያው ነበር። ከጊዜ በኋላ የሞርፊን ሱስ «የወታደር በሽታ» እስከ መባል ደርሷል፤ ይሁንና የታሪክ ጸሐፊዎች በስፋቱ ላይ አይስማሙም፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ከነበሩት የኦፒየም ሱሰኞች ብዙዎቹ ጦር ሜዳን ያላዩ፣ በሐኪም ትእዛዝ የጀመሩ ሴቶች ነበሩና። ያም ሆነ ይህ፣ በመርፌ ወይም በእንክብል ተይዞ ወደ ቀዬው የተመለሰው ዘማች አበል ሲጠይቅ የገጠመው ነገር በግልጽ ይታወቃል።

በ1862 የወጣው የጡረታ ሕግ ሙሉ በሙሉ ጉዳተኛ ለሆነ ተራ ወታደር በወር 8 ዶላር ሲወስን ልኬቱ የሰውየው አካል ለጉልበት ሥራ የማይበቃ መሆኑ ነበር። ሰዓት ጠጋኝ ይሁን፣ መምህር ይሁን፣ ጠበቃ ይሁን ለውጥ አያመጣም፤ ሚዛኑ የገበሬና የቀን ሠራተኛ ክንድ ነበር። ሰኔ 1890 የወጣው ሰፊው የጡረታ ሕግ ደግሞ ጉዳቱ በጦርነት የመጣ ባይሆን እንኳ የጉልበት ሥራ መሥራት ላልቻለ የቀድሞ ዘማች በወር ከ6 እስከ 12 ዶላር እንዲከፈለው ሲፈቅድ አንድ አጥር አጠረ፤ ጉዳቱ ከአመልካቹ «ብልሹ ልማድ» የመጣ መሆን የለበትም አለ። በዚህ አንድ ሐረግ ምክንያት መርማሪዎች ወደ አመልካቹ መንደር ወርደው ጎረቤቱን፣ ባለ ሱቁንና ሐኪሙን ይጠጣል ወይ፣ መድኃኒት ይወስዳል ወይ እያሉ ይጠይቁ ጀመር። በጦር ሆስፒታል የተሰጠው ኦፒየም ያስያዘው ሱስ የመንግሥት ሥራ ነው ወይስ የሰውየው ጥፋት ነው የሚለው ክርክር በዚህ ተጀመረ፤ መልኩን እየለወጠ ቀጠለ እንጂ አልተዘጋም።

አበል የማይበቃቸው፣ ቤተሰብ ያልነበራቸው ወይም ቤተሰብ የታከታቸው ዘማቾች የሚጠለሉበት ብሔራዊ የጦር ጉዳተኞች መኖሪያ የተቋቋመው አብርሃም ሊንከን መጋቢት 3 ቀን 1865 በፈረመው ሕግ ነው። የመጀመሪያው ቅርንጫፍ በሜይን ክፍለ ግዛት ቶገስ በተባለ ቦታ በ1866 ተከፈተ፤ ከዚያም በኦሃዮ ዴይተን፣ በዊስኮንሲን ሚልዋኪ፣ በቨርጂኒያ ሃምፕተን፣ በካንሳስ ሌቨንዎርዝና በሎስ አንጀለስ ሌሎች ተከተሉ። የእነዚህ መኖሪያዎች አሠራር ለዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ከሁሉ የበለጠ ያስተምራል። ነዋሪው ሰማያዊ የደንብ ልብስ ይለብሳል፣ በመለከት ይነሣል፣ በመለከት ይተኛል፣ በጓድ ተመድቦ በሰልፍ ይቆማል፣ ከሥርዓት ቢወጣ ይቀጣል። ጤና የፈቀደለት በጫማ መስፊያው፣ በማተሚያ ቤቱ፣ በሲጋራ መጠቅለያው ወይም በእርሻው ላይ በትንሽ ክፍያ ይሠራል። ይህን ሥርዓት በኋላ ዘመን ያዩ ሰዎች ሰውን ከሰፈር ሕይወት እንዳይላቀቅ የያዘ እስር ነው ሲሉ ነቅፈውታል፤ ነቀፋው እውነት አለው፤ ግን አንድ ነገር ይስተዋል፤ መኖሪያው ለሰውየው የመለሰለት በስንብቱ ቀን የተወሰደበትን ነገር ነበር። ያን ያህል ዘመን ከኖሩት ተቋማት ውስጥ ወታደርነት ራሱ ማንነት መሆኑን ሳይጠየቅ የተቀበለ ሌላ ተቋም ማግኘት ያስቸግራል።

በመኖሪያዎቹ ከሁሉ በላይ የሚበዛው የቅጣት ምክንያት ስካር ነበር። አበል በተከፈለ ማግስት በቅጥሩ ዙሪያ የተኮለኮሉት መጠጥ ቤቶች ይሞሉ ስለ ነበር፣ አንዳንድ ቅርንጫፎች በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በቅጥራቸው ውስጥ የራሳቸውን ቢራ ቤት ከፈቱ፤ ስሌቱ ሰውየው መጠጣቱ ካልቀረ ከውስኪው ይልቅ ቢራውን፣ ከውጭው ይልቅ የቤቱን ይጠጣ የሚል ሲሆን ትርፉም ለነዋሪዎቹ ጥቅም ይውል ነበር። በሌቨንዎርዝ ደግሞ ሌላ መንገድ ተሞከረ። በጦርነቱ ጊዜ የጦር ሐኪም የነበረው ሌስሊ ኪሊ በ1879 በኢሊኖይ ዱዋይት ከተማ የጀመረውና «የወርቅ ሕክምና» የተባለው፣ በቀን አራት ጊዜ ለአራት ሳምንት የሚወጋ፣ ምሥጢሩ የማይገለጽ መርፌ በ1890ዎቹ ወደዚያ መኖሪያ ገባ። መርፌው በራሱ የሚፈውስ እንዳልነበረ ዛሬ ጥርጥር የለውም፤ ሆኖም የዳኑት በማኅበር ተደራጅተው፣ ምልክት በደረታቸው ላይ አድርገው እርስ በርስ ይጠባበቁ ስለ ነበር፣ ያገኙት ጥቅም ካለ ከጠርሙሱ ይልቅ ከጓዱ ሳይሆን አይቀርም።

የአንደኛው የዓለም ጦርነት ሁለት አዳዲስ ነገሮችን አመጣ፤ አንዱ የሕክምና ስም፣ ሌላው የሥልጠና ሕግ ነው። በ1915 እንግሊዛዊው ቻርልስ ማየርስ በሕክምና መጽሔት ላይ «የመድፍ ድንጋጤ» የተባለውን ሕመም ሲገልጽ፣ አሜሪካዊው የአእምሮ ሐኪም ቶማስ ሳልመን በ1917 ወደ ብሪታንያ ሄዶ አያያዙን አጥንቶ በሽተኛውን ከግንባር ሳያርቁ በፍጥነት አክሞ የመመለስን ዘዴ ለአሜሪካ ጦር አቀረበ። ዘዴው ሰውየውን ለጦሩ የሚያተርፍ እንጂ ከጦሩ በኋላ ላለው ኑሮ የታሰበ አልነበረም። ለኋለኛው የታሰበው ሰኔ 27 ቀን 1918 የጸደቀው የሙያ መልሶ ማቋቋሚያ ሕግ ሲሆን፣ በዚህ ሕግ መንግሥት ለጉዳተኛ ዘማች አበል ብቻ ሳይሆን አዲስ ሙያ ሊያስተምረው ለመጀመሪያ ጊዜ ግዴታ ገባ። ወደ 180 ሺህ የሚሆኑ ዘማቾች ሥልጠና ጀመሩ፤ ፕሮግራሙም እስከ 1928 ድረስ ዘለቀ። በዚያው ጊዜ በጦር ሆስፒታሎች የተሠማሩ ሴቶች በሽተኞችን ቅርጫት በማሠራት፣ በሽመናና በእንጨት ሥራ ማከም ጀምረው ነበር፤ ዛሬ በእንቅስቃሴና በሥራ አማካይነት የማከም ሙያ የሚባለው በ1917 በኒውዮርክ ክሊፍተን ስፕሪንግስ በማኅበር ከተደራጀ በኋላ ሥር የሰደደው በእነርሱ እጅ ነው።

ነገር ግን የ1918ቱ ሕግ ሥልጠናው የሚሰጠው «የሚቻል ሆኖ ሲገኝ» ነው ይላል፤ የሚቻል መሆኑን የሚወስነውም ሕጉን የሚያስፈጽመው ቦርድ ነበር። እጁን ያጣ ሰው በሌላ እጁ የሚሠራው ሥራ በወረቀት ላይ ሊገኝለት ይችላል፤ ሌሊት እየጮኸ የሚነሣው፣ በፋብሪካ ማሽን ድምፅ የሚደነብረው ወይም በመጠጥ ራሱን የሚያደነዝዘው ግን ከዝርዝሩ ውስጥ ምን ሙያ ይመረጥለታል? የእነዚህ ሰዎች መጨረሻ ሆስፒታል ሆነ። በ1921 የተቋቋመው የዘማቾች ቢሮ የመጀመሪያ ኃላፊ ቻርልስ ፎርብስ በሆስፒታል ግንባታና በዕቃ ሽያጭ ባደረሰው ምዝበራ ተፈርዶበት ሌቨንዎርዝ እስር ቤት መግባቱ በዘመኑ ትልቅ ቅሌት ነበር፤ ለዘማቹ ግን ከቅሌቱ ይልቅ የከበደው ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣ ከዘማቾች ሆስፒታል አልጋዎች ግማሽ ያህሉ ገና በአንደኛው ጦርነት የአእምሮ ሕሙማን የተያዙ መሆናቸው ነው። ሃያ አምስት ዓመት የተኙ ሰዎች ሙያቸው በሽተኝነት ሆኖ ነበር ማለት ይቻላል።

ዛሬ በየትምህርት ቤቱ የሚነገረው የማንነት ቀውስ የሚባለው አሳብ ለክሊኒክ አገልግሎት የዋለው በመጀመሪያ በጎረምሶች ላይ ሳይሆን በዘማቾች ላይ መሆኑን ብዙ ሰው አያውቅም። የሥነ ልቡና ተመራማሪው ኤሪክ ኤሪክሰን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በሳን ፍራንሲስኮ የማውንት ዛየን የዘማቾች ማገገሚያ ክሊኒክ ሲሠራ ወደ እርሱ የሚመጡት ሰዎች አስመሳዮችም፣ በመድፍ ጩኸት የተመቱም ብቻ እንዳልሆኑ ተገነዘበ፤ የጠፋባቸው ነገር ትናንት የነበሩት ሰው ዛሬ ካሉት ሰው ጋር አንድ መሆኑን የሚያረጋግጥላቸው ክር ነበር። በ1950 ባሳተመው መጽሐፍ ካቀረባቸው ታካሚዎች አንዱ፣ ስሙ ያልተገለጸ፣ ከጦርነቱ በፊት መምህር የነበረና በባሕር ኃይል ጦር ውስጥ በሕክምና ክፍል ያለ መሣሪያ የዘመተ ሰው ነበር። ይህ ሰው በልጅነቱ ከደረሰበት ነገር የተነሣ መጠጥ ላይቀምስ፣ ላይሳደብና መሣሪያ ላይነካ ለራሱ ቃል የገባ ሲሆን፣ በፓስፊክ ውቅያኖስ ጠረፍ በጨለማ የጠላት እሩምታ ሲወርድባቸው ያከብረው የነበረው የሕክምና መኮንን በቁጣ ሲራገም ሰማ፤ ከዚያም አንድ ሰው መትረየስ እጁ ላይ አስጨበጠው። ከዚያ ሌሊት በኋላ የጀመረው ራስ ምታት ከተሰናበተ በኋላ እንኳ አልለቀቀውም። ኤሪክሰን ያስተዋለው ሰውየውን የሰበረው ጥይቱ ብቻ አለመሆኑን ነው፤ ራሱን የሚያውቀው መሣሪያ የማይዝ ረዳት አድርጎ ነበርና፣ መትረየሱ በእጁ በገባ ጊዜ የተወሰደበት ያ ማንነት ነው። የሙያ ማንነት ከአእምሮ ጤና ጋር እንዴት እንደሚተሳሰር ከዚህ ይልቅ በቅርብ የሚያሳይ ታሪክ በዘርፉ ጽሑፎች ውስጥ ብዙ አይገኝም።

መንግሥት ግን በዚህ መንገድ አላሰበም። ሰኔ 22 ቀን 1944 የጸደቀው የዘማቾች መቋቋሚያ ሕግ 7.8 ሚሊዮን ሰዎችን አስተምሯል ወይም አሠልጥኗል፤ አገሪቱን የለወጠ ታላቅ ሕግ መሆኑ አያከራክርም፤ ነገር ግን የተቀረጸው ወደ ክፍል ገብቶ ተቀምጦ መማር ለሚችል ጤነኛ ሰው ነው። የቀረውን ከሕጉ ይልቅ ሲኒማው በተሻለ አይቶታል ቢባል ማጋነን አይሆንም። ዊልያም ዋይለር በ1946 ያዘጋጀውና የዓመቱን ምርጥ ፊልም ኦስካር ያገኘው «የሕይወታችን ምርጥ ዓመታት» ሦስት ተመላሾችን ያሳያል፤ ከእነርሱ መካከል ከጦርነቱ በፊት የባንክ ሹም የነበረው በጦሩ ውስጥ ሳጅን ነበር፤ በመድኃኒት መደብር ለስላሳ መጠጥ ቀጂ የነበረው ደግሞ በአየር ኃይል ሻምበል ሆኖ ቦምብ ያነጣጥር ነበር። ሲመለሱ ሳጅኑ ወደ ባንኩና ወደ መጠጡ፣ ሻምበሉ ደግሞ በሌሊት ቅዠት እየተሠቃየ ወደ ለስላሳው ባንኮኒ ይመለሳሉ። በዚያው ዓመት ጆን ሂውስተን በአንድ የጦር ሆስፒታል ውስጥ ያሉ የአእምሮ ሕሙማን ወታደሮችን የቀረጸበትን ዘጋቢ ፊልም ጦሩ ከሕዝብ ደብቆ እስከ 1980ዎቹ መጀመሪያ ድረስ አቆይቶታል። ልብ ወለዱ ተሸለመ፤ እውነተኛው ታገደ።

ከቬትናም የተመለሱት ዘማቾች ነገር ከዚህ ሁሉ የተለየ መስሎ ይታያል፤ በከፊልም የተለየ ነው። ወታደሩ ከጓዶቹ ጋር ሳይሆን ብቻውን 12 ወሩን ቆጥሮ፣ ከጫካው በወጣ በጥቂት ቀናት ውስጥ በአውሮፕላን አገሩ ይገባ ነበር። በግንቦት 1971 ሁለት የኮንግረስ አባላት በቬትናም ካለው ጦር ከ10 እስከ 15 በመቶው የሄሮይን ሱሰኛ ነው የሚል ሪፖርት ሲያቀርቡ አገሩ ተሸበረ፤ ፕሬዚዳንት ኒክሰንም በሰኔ ወር የአደንዛዥ ዕፅ መከላከያ ልዩ ጽሕፈት ቤት አቋቁሞ ለዶክተር ጀሮም ጃፊ ሰጠው፤ ወታደሮች ወደ አገር ቤት ከመሳፈራቸው በፊት ሽንታቸው ይመረመር ጀመር። የማኅበራዊ ሳይንስ ተመራማሪዋ ሊ ሮቢንስ በ1971 የተመለሱትን ተከታትላ ያገኘችው ውጤት ግን ሁሉንም አስገረመ፤ ወደ 20 በመቶ የሚሆኑት በቬትናም ሳሉ ሱሰኛ እንደ ነበሩ የተናገሩ ሲሆን፣ ከእነዚህ መካከል በተመለሱ በመጀመሪያው ዓመት እንደገና የተጠመዱት 5 በመቶ ያህል ብቻ፣ በሦስት ዓመት ውስጥ ደግሞ 12 በመቶ ያህል ነበሩ። ሄሮይኑ ከቦታውና ከኑሮው ጋር የተያያዘ እንጂ በሰውየው ላይ እንደ ማኅተም የታተመ አልነበረም ማለት ነው።

ማኅተሙን ያተመው ሌላ ነበር። በስንብት ወረቀቱ ላይ ወታደሩ የተሰናበተበትን ምክንያት የሚገልጽ የመለያ ቁጥር ይጻፍ ነበር፤ ተሰናባቹ ራሱ የቁጥሩን ትርጉም ብዙ ጊዜ አያውቀውም፣ የቁልፉ ዝርዝር የደረሳቸው ቀጣሪዎች ግን ያውቁታል። አንድ ወጣት በሠራተኛ አስተዳደር ቢሮ ወረቀቱን በኩራት አቅርቦ ሲመለስ ለምን እንዳልተፈለገ ሳይገባው ይቀር ነበር፤ ሦስቱ አኀዞች አደንዛዥ ዕፅ ተጠቃሚ ወይም የጠባይ ችግር ያለበት ብለው ቀድመውታልና። ጦሩ ይህን አሠራር ያቆመው በ1974 ነው። በተጨማሪም ከዕፅ ጋር በተያያዘ በክብር ባልሆነ ስንብት የወጡት ብዙዎች ከዘማቾች ሕክምናና ከትምህርት ዕርዳታ ውጭ ተደርገዋል።

ዘማቾቹ ራሳቸው ከ1970 መጨረሻ ጀምሮ በኒውዮርክ ከሥነ አእምሮ ሐኪሞቹ ከሮበርት ጄይ ሊፍተንና ከካይም ሻታን ጋር እየተቀመጡ የሚነጋገሩባቸውን ቡድኖች መሠረቱ። ከዚህ እንቅስቃሴ በ1979 በሕግ የተቋቋሙት የዘማቾች ምክር መስጫ ማዕከሎች መጡ፤ በ1980 ደግሞ የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር በምርመራ መመሪያው ውስጥ ከአሰቃቂ ክስተት በኋላ የሚመጣውን የጭንቀት ሕመም ራሱን የቻለ ሕመም አድርጎ አሰፈረ። ኮንግረስ ባዘዘውና በ1988 በተጠናቀቀው ብሔራዊ ጥናት በቬትናም ከዘመቱት ወንዶች 15.2 በመቶው በዚያ ጊዜም ይህ ሕመም እንደ ነበረባቸው ተገኘ። ስሙ መገኘቱ ትልቅ ነገር ነው፤ ለሰውየው ማብራሪያ፣ ለሐኪሙ ሕክምና፣ ለጠበቃው ማስረጃ ሆኗል። ዳሩ ግን ሻምበል፣ ራዲዮ ኦፕሬተር ወይም አስተኳሽ የነበረው ሰው አሁን በቢሮዎቹ ሁሉ የሚጠራበት መጠሪያ የሕመሙ ስም ሆኖ ቀረ።

የ1890ዎቹ ክርክር በአዲስ ልብስ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የደረሰው በዚህ መካከል ነው። የትምህርት ዕርዳታው ከተሰናበቱ በኋላ በ10 ዓመት ውስጥ ካልተወሰደ ይቃጠል ነበር፤ በሕመም ምክንያት ያልተማረ ሰው ግን ሕመሙ «ሆን ተብሎ የተፈጸመ ጥፋት» ካልሆነ ጊዜው ይራዘምለት ነበር። በክብር የተሰናበቱና ከመጠጥ የተላቀቁ ሁለት ሰዎች የመጠጥ ሱስ ዓመታቱን እንደ በላባቸው ገልጸው መራዘሙን ጠየቁ። የዘማቾችን ጉዳይ የሚያስፈጽመው አስተዳደር በደንቡ ሱስን በሁለት ይከፍል ነበር፤ ከሌላ የአእምሮ ሕመም የመጣ ሱስ «ተከታይ» ተብሎ ይቅር ሲባል፣ በራሱ የቆመው «ዋና» ሱስ ግን ጥፋት ነበር። በሚያዝያ 1988 ትሬይነር ከተርኔጅ በሚባለው ጉዳይ ዳኞቹ በ4 ለ3 ድምፅ ደንቡን አጸኑ። ኮንግረስ በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ለትምህርት ጊዜው ጉዳይ የመጠጥ ሱስ እንደ ጥፋት እንዳይቆጠር ሕጉን አሻሻለ፤ ለአካል ጉዳት ካሣ ግን አጥሩ ቆየ፤ በ2001 የፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት አለን ከፕሪንሲፒ በተባለው ጉዳይ ከጦርነት ባገኘው የአእምሮ ሕመም ምክንያት ሱስ የያዘው ሰው ለሱሱም ካሣ ሊያገኝ እንደሚችል ሲወስን አንድ በር ተከፈተ። የሕጉ ማሻሻያና የ2001ዱ ውሳኔ ለሰውየው ጠቅመዋል፤ በሩ የሚከፈተው ግን መጠጡን ያመጣው ሕመሙ መሆኑን ሲያስመሰክር ነውና፣ ከበሽተኛነት ውጭ ያለው ማንነት ለክርክሩ አይረዳውም።

በሆስፒታሎቹ ግቢ ውስጥ ደግሞ ሥራን እንደ መድኃኒት የመስጠት ልማድ በ1976 በወጣ ሕግ «ክፍያ ያለው የሥራ ሕክምና» በሚል ቅርጽ ያዘ። ታካሚው ከውጭ ድርጅቶች በኮንትራት የመጣ ዕቃ ያሽጋል፣ ክፍሎች ይገጣጥማል፣ ግቢ ያጸዳል፤ ከዚያም ከሱሱ ሲጸዳና ሲረጋጋ ወደ ሽግግር ሥራ፣ ከሽግግሩም ወደ ውጭው ገበያ ይወጣል ተብሎ ይታሰባል። ሕጉ ይህን ሰው የመንግሥት ሠራተኛ አይደለም ይላል። በ2007 አንድ ዘማች በዚህ ፕሮግራም ያገኘው ገንዘብ ግብር ይከፈልበታል ወይ የሚለውን ጉዳይ የግብር ፍርድ ቤቱ አይቶ ክፍያው ደመወዝ ሳይሆን የዘማችነት ጥቅም ነው ብሎ ነፃ አድርጎታል። ሰውየው ገንዘቡን ማትረፉ መልካም ነው፤ ነገር ግን በየጠዋቱ ተነሥቶ ሰዓቱን አስመዝግቦ የሚሠራው ሥራ ሥራ አለመሆኑ በዚያው ውሳኔ ጸደቀ።

ይህን ቅደም ተከተል፣ ማለትም መጀመሪያ መዳን፣ ቀጥሎ ልምምድ፣ መጨረሻ ሥራ የሚለውን፣ የገለበጡት ሮበርት ድሬክና ዴቦራ ቤከር ናቸው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ በኒው ሃምፕሸር ለከባድ የአእምሮ ሕሙማን የዘረጉት አሠራር ሥራ የሚፈልግ ማንም ሰው ገና ሕመሙ አልበረደም ወይም ከሱሱ አልጸዳም ተብሎ እንዳይመለስ ይከለክላል፤ ባለሙያው ከሕክምና ቡድኑ ጋር ተቀምጦ ታካሚው ራሱ የሚመርጠውን፣ ሌላውም ሰው ተወዳድሮ የሚቀጠርበትን መደበኛ ሥራ ወዲያው አብሮት ይፈልጋል፤ ከተቀጠረም በኋላ አይለየውም። ለዘማቾች ሲሞከር፣ በአላባማ ተስካሉሳ በሎሪ ዴቪስ መሪነት ተካሂዶ በ2012 በታተመው ጥናት ከአሰቃቂ ክስተት በኋላ የሚመጣው የጭንቀት ሕመም ካለባቸው 85 ዘማቾች መካከል በዚህ መንገድ ከተረዱት 76 በመቶው፣ በተለመደው አገልግሎት ከቆዩት ደግሞ 28 በመቶው መደበኛ ሥራ አገኙ። በ12 ማዕከላት 541 ዘማቾችን ያካተተውና በ2018 የታተመው ሰፊ ጥናት ልዩነቱ ጠበብ ያለ መሆኑን አሳየ፤ ከ18 ወራት ቢያንስ ግማሹን በሥራ ላይ ያሳለፉት በአዲሱ አሠራር 38.7 በመቶ ሲሆኑ በሽግግር ሥራው 23.3 በመቶ ነበሩ።

ብልጫው ግልጽ ነው፤ በተሻለው ወገን እንኳ ከአሥሩ ስድስቱ ያን ያህል ጊዜ በሥራ ላይ አለመቆየታቸውም እንዲሁ። ከምክንያቶቹ አንዱን ለመገመት የ1862ቱን ሚዛን የዛሬ ልጅ መመልከት ይበቃል። በአሁኑ ደንብ የጉዳቱ መጠን በቁጥር 100 ባይደርስም፣ አንዱ ጉዳት 60 በመቶ የሆነበት ወይም ተደምሮ 70 በመቶ የደረሰበት (ከእነዚህ አንዱ ቢያንስ 40 የሆነ) ዘማች በጉዳቱ ምክንያት ራሱን የሚያስተዳድርበት ሥራ መያዝ አለመቻሉን ካስረዳ እንደ ሙሉ ጉዳተኛ ይከፈለዋል። ብዙ ቤተሰብ ኪራይ የሚከፍለው በዚህ ገንዘብ ነው። እንዲህ ያለ ሰው በአዲሱ አሠራር እርዳታ ተቀጥሮ፣ ባለሙያው በየሳምንቱ እየጎበኘው፣ ሥራውን ሳያቋርጥ 12 ወር ከያዘ ለጥናቱ የተሳካለት ሰው ነው፤ በካሣ ከፋዩ ቢሮ ደንብ ደግሞ በተከታታይ የተያዘው 12 ወር የሙሉ ጉዳተኛ ክፍያው ዝቅ እንዲል ፋይሉ እንደገና የሚከፈትበት ቀን ነው።